ጥያቄና መልስ፦ የመምህርቷ የመጨረሻ ቀን የማን ነው?

ጥያቄ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ካገለገልኩ በኋላ በሚቀጥለው ወር ጡረታ እወጣለሁ። የጡረታ ጊዜዬ የደረሰው የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ በመሆኑ ልጆቹ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ ይቀራሉ፤ የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ። በየዓመቱ መጨረሻ ልጆችን ወደ አንደኛ ክፍል ስሸኝ የኖርኩ ሰው ነኝና መሸኘት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ተሸኚ መሆን ግን አላውቅበትም።

የማስተምራቸው ልጆች አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው ናቸው። ባልደረቦቼ የመጨረሻውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ለመሸኛ ዝግጅት ሊያውሉት አስበዋል፤ ወላጆች ይጠራሉ፣ ልጆቹ ይዘምራሉ፣ ንግግር ይደረጋል። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ልጅ እንኳ ግራ ተጋብቶ ወደ ቤቱ ቢሄድ ለእኔ በዓል አይሆንልኝም። አንዲት ባልደረባዬ በበኩሏ ሕፃን ቶሎ ይረሳልና ምንም ሳልነግራቸው ብሄድ እንደሚሻል ትመክረኛለች። መቼ ልንገራቸው? ምን ብዬ ልንገራቸው? ዕንባዬ ቢያመልጠኝስ? በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በእጄ የሠራኋቸውን አሻንጉሊቶችና የማስተማሪያ ሥዕሎች ይዤ ልሂድ ወይስ ልተዋቸው? በመጨረሻም፣ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው የሚያሳፍር ጥያቄ መሆኑን ባውቅም፣ እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ያስታውሱኝ ይሆን?

ስሜ ባይጠቀስ እመርጣለሁ።

መልስ

የተከበሩ መምህርት፣ የጠየቁን ብዙ ቢሆንም አብዛኛው ጥያቄዎ ያ ቀን የማን ነው ከሚል ከአንድ ጉዳይ የሚነሣ ይመስለናል። የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ልጆቹ በክፍሉ ውስጥ እስካሉ ድረስ ቀኑ የእነሱ ነው፤ እርስዎን ማክበር የሚፈልጉ አዋቂዎች ደግሞ ለዚያ የሚሆን ሌላ ሰዓት አያጡም።

በመጀመሪያ ሳይናገሩ የመሄዱን ምክር እናንሣ፤ በበጎ አሳብ የተሰጠ ቢሆንም ከሁሉም አማራጮች የከፋው እሱ ነውና። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስወርዝ ሕፃናት ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ባጠናችበት ሥራዋ፣ ልጅ የሚያምነውን ሰው እንደ መነሻና መመለሻ አድርጎ አካባቢውን እንደሚመረምር አሳይታለች፤ ጥቂት ርቆ ይጫወታል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ ሰውየው በቦታው መኖሩን ሲያረጋግጥ ጨዋታውን ይቀጥላል። በክፍል ውስጥ ይህ ሰው እርስዎ ነዎት። አንድ ማለዳ ዞር ሲል በቦታዎ ካጣዎትና ምክንያቱን የሚነግረው ካላገኘ፣ የሚቀረው ነገር መርሳት ሳይሆን ሌሎቹንም ሰዎች መጠራጠር ነው። እናቱ በር ላይ ስትሰናበተው ከወትሮው አጥብቆ የሚይዛትም ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የዕድሜያቸው አስተሳሰብ ይጨመርበታል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ባለው ዘመን ልጅ ነገሮችን በአመዛኙ ከራሱ አንጻር ብቻ እንደሚያይ ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ፒያዤ የሕፃናትን ችሎታ አሳንሶ ገምቷል ብለው ቢተቹትም፣ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያለ ልጅ አንድ ክፉ ነገር በደረሰ ጊዜ ‹እኔ ምን አድርጌ ነው?› ብሎ ማሰቡን ከሕፃናት ጋር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ቀለም የደፋው ልጅ ቲቸር የሄደችው ቀለሙን ስለደፋሁ ነው ብሎ ሊያምን፣ ይህንንም ለማንም ሳይናገር በሆዱ ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ ይንገሯቸው። ጊዜውን በተመለከተ ለዚህ ዕድሜ ሁለት ሳምንት ያህል ተስማሚ ነው ብለን እናምናለን። ወር ሙሉ ቀደም ብሎ መናገር ለአራት ዓመት ልጅ ማለቂያ የሌለው ጥበቃ ይሆንበታል፤ ዋዜማውን መናገር ደግሞ ከድንገተኛ ስንብት ብዙም አይሻልም። ‹ሁለት ሳምንት› የሚለው መጠን ለእነሱ ትርጉም የለውምና ቀኑን በዐይን የሚታይና በእጅ የሚነካ ያድርጉት፤ ለምሳሌ በወረቀት ቀለበቶች የተሠራ ሰንሰለት ግድግዳ ላይ ሰቅለው በየቀኑ አንድ ልጅ አንድ ቀለበት ቢቆርጥ ሁሉም ምን ያህል እንደቀረ ያያሉ። ለወላጆች ግን ከልጆቹ አንድ ቀን ቀድመው አጭር ማስታወሻ ይላኩላቸው፤ ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም።

የሚናገሩት ቃል አጭር ይሁን። በዚህ ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ «ልጆች፣ እኔ ለብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። ሰዎች ብዙ ዓመት ሲሠሩ ሥራቸውን የሚጨርሱበት ቀን ይመጣል፤ የእኔም ቀን ደርሷል። የምሄደው ማንም ልጅ ስላጠፋ አይደለም። እናንተ እዚሁ ክፍል ትቆያላችሁ፤ ከእናንተ ጋር የምትሆነዋም አዲሲቱ መምህርት እከሊት ናት።» አዲሲቱ መምህርት በዚያች ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ብትገኝና ልጆቹ ፊቷን ቢያዩ እጅግ መልካም ነው፤ ስም ብቻ የሆነ ሰው ያስፈራልና። ‹ደክሞኛል›፣ ‹አርጅቻለሁ› ወይም ‹አሞኛል› ከማለት እንዲቆጠቡ አጥብቀን እንመክራለን። ደክሞኛል ብላ የሄደች መምህርት የነበረችው ልጅ፣ እናቷ ከሥራ ገብታ ‹ዛሬስ ደክሞኛል› ባለች ቁጥር ልቧ ይደነግጣል። ከልጆቹ አንዱ ‹ልትሞቺ ነው?› ብሎ ቢጠይቅዎት አይሳቁ፣ አይደንግጡም፤ ዕድሜና መለየት በልጅ አእምሮ ውስጥ ተያይዘው ይገኛሉ። ‹አይደለም፣ ደኅና ነኝ፤ ቤቴ እሆናለሁ› ማለት ይበቃል።

እንዲሁም በየሳምንቱ እየመጣሁ አያችኋለሁ የሚል ተስፋ አይስጡ። በስንብት ሰዓት ከአፍ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል እሱ ስለሆነ ነው ይህን ለይተን የምናነሣው። መምጣትዎ እርግጠኛ ከሆነና ቀኑ ከታወቀ ይንገሯቸው፤ ካልሆነ ዝም ማለት ይሻላል።

ወደ ቀኑ ስንመጣ፣ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው በር ላይ ቆመው በየስማቸው እየጠሩ ይቀበሏቸው። ነፃ ጨዋታው፣ ክብ ሠርተው የሚቀመጡበት ሰዓት፣ ተረቱ፣ ምግቡ፣ ዕረፍቱና ወደ ሜዳ የሚወጡበት ሰዓት ቅደም ተከተላቸውን ይዘው ይሂዱ። ለትንሽ ልጅ የቀኑ ቅደም ተከተል እንደ ሰዓት ነው፤ ከምግብ በኋላ ዕረፍት፣ ከዕረፍት በኋላ ሜዳ፣ ከሜዳ በኋላ ወላጅ እንደሚመጣ የሚያውቀው በዚያ ነው። ሙሉ ቀን በእንግዳ፣ በዘፈንና በንግግር ሲሞላ ይህ ሁሉ ይጠፋበታል፤ አዋቂዎች በሚያለቅሱበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ለምን ጨርሰህ ዘምር እንደሚባል አይገባውም። ስንብቱን ከቤት መሄጃው ሰዓት ጥቂት ቀደም አድርገው ከሩብ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ይፈጽሙት። ለእያንዳንዱ ልጅ ስላዩት አንድ እውነተኛ ነገር ይንገሩት፤ ‹ጎበዝ ነህ› የሚለው ቃል ለሁሉም የሚሰጥ ስለሆነ ‹አንተ ጓደኛህ ሲወድቅ መጀመሪያ ሮጠህ የምታነሣው ነህ› ማለት ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ወደ ጨዋታ የሚመለሱበት ጊዜ ይተርፍ፤ ወላጆች በደረሱበት ቅጽበት የሚደረግ ስንብት ግርግርና ልቅሶ ይደባለቅበታል።

አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከልጆቹ መካከል ስንብትዎን ሰምተው ‹እሺ› ብለው ወደ ኳሳቸው የሚሮጡ ይኖራሉ፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚቀርብዎት ልጅ እንዲህ ያደርግ ይሆናል። ይህ ቅር ሊያሰኝዎት አይገባም። ልጅ ሐዘኑን በአንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚጨርስ ፍጡር አይደለም፤ ጥቂት ቀምሶ ይተወዋል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ካልሲ ሲያጠልቅ ድንገት ያለቅሳል።

ዕንባዎን በተመለከተ፣ ቢመጣ ይምጣ። ‹ስለምናፍቃችሁ ነው ያለቀስኩት፤ አሁን ይሻለኛል› ብለው ፊትዎን ቢጠርጉ ልጆቹ ማዘን እንደሚቻልና እንደሚያልፍ ያያሉ። ልናስጠነቅቅዎት የምንፈልገው ልጆቹ እርስዎን ወደ ማጽናናት እንዳይገቡ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ አዋቂን ማባበል ከጀመረ ሸክሙ ከትከሻው በላይ ሆኗልና፣ ሆድዎ ከባሰ ረዳትዎን ተክተው ለአፍታ ወጣ ማለት ይችላሉ።

ባልደረቦችዎ ያሰቡት ዝግጅት መቅረት የለበትም። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወይም በሌላ ቀን፣ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎችዎ በተገኙበት ይደረግ። እዚያ የፈለጉትን ያህል ይናገሩ፣ ይሳቁ፣ ያልቅሱ። ይህን ሁሉ ዘመን ዝቅ ብለው ጫማ ያሰሩ ጉልበቶችና ከጩኸት በላይ ሲናገር የኖረ ጉሮሮ ወግ ያለው ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኛ የምንጠይቀው ለምስጋናው የተለየ ሰዓት እንዲሰጠው ብቻ ነው። የልጆች ፎቶግራፍ የሚነሣ ከሆነ የወላጆች ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ።

አሁን ያሳፍራል ወዳሉት ጥያቄ እንሂድ፤ ለእኛ ከሁሉ የከበደን እሱ ነው። የሚያባብል መልስ ከምንሰጥዎ የሚታወቀውን እንነግርዎታለን። ፓትሪሺያ ባወር እና ማሪና ላርኪና የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሦስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ስላሳለፏቸው ክስተቶች ሲነጋገሩ ቀርጸው፣ በኋላ ልጆቹ አደግ ሲሉ ስለእነዚያው ክስተቶች ጠየቋቸው። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ የተጠየቁት ከክስተቶቹ ከ60 በመቶ በላይ ሲያስታውሱ፣ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው የተጠየቁት ግን ያስታወሱት ከ40 በመቶ በታች ነበር። በዚህ ሚዛን አብዛኞቹ የአራት ዓመት ተማሪዎችዎ አዋቂ ሲሆኑ ምናልባት ድምፅዎን፣ ምናልባት አንድ ዘፈን፣ ወይም የልብስዎን ቀለም ያስታውሱ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ግን ስምዎን እንኳ አያስታውሱም።

ትዝታ መጥፋቱ ግን ሥራው ጠፋ ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃም አለ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በተባለች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በተጀመረውና የፔሪ ቅድመ ትምህርት ጥናት ተብሎ በሚታወቀው ሥራ፣ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ልጆች በሁለት ተከፍለው ነበር፤ 58ቱ ጥሩ የቅድመ ትምህርት መርሐ ግብር ሲያገኙ የቀሩት 65 አላገኙም። የመጀመሪያው ቡድን በአእምሮ ችሎታ ፈተና ያሳየው ብልጫ አንደኛ ደረጃ ከገቡ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። ሰዎቹ 40 ዓመት ሲሞላቸው ግን ከቅድመ ትምህርት ቡድኑ 77 በመቶ፣ ከሌላው ቡድን ደግሞ 60 በመቶ ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው ተገኙ፤ በገቢና ከሕግ ጋር ባለመጋጨትም የመጀመሪያዎቹ የተሻሉ ነበሩ። ጥናቱ የተደረገው በጥቂት ልጆች ላይ በመሆኑና መርሐ ግብሩ መምህራን ቤት ለቤት የሚያደርጉትን ጉብኝት ጭምር የያዘ በመሆኑ ውጤቱን በሙሉ ለአንዲት መምህርት የምንሰጠው አይደለም። ቢሆንም ፈተና ሊለካው ያልቻለ፣ ልጆቹም ምናልባት ከየት እንዳገኙት የማያስታውሱት ነገር አብሯቸው አድጓል። ተራ መጠበቅን፣ የጀመሩትን መጨረስን፣ ሲናደዱ እጅን መሰብሰብን ከማን እንደተማረ የሚያስታውስ አዋቂ ስንት አለ?

እግረ መንገዳችንን አንድ ታሪክ እንጨምር። ጀርመናዊው የሕፃናት አስተማሪ ፍሬድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 በጀርመን ባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት መዋያውን ሲከፍት፣ ጨዋታ የትምህርት አካል ነው የሚለው አሳቡ ለብዙዎች እንግዳ ነበር። በ1851 በጊዜው ከጀርመን መንግሥታት አንዱ የነበረው የፕሩሺያ መንግሥት እነዚህን መዋያዎች አገደ፤ ፍሮቤል በዓመቱ ሞተ፣ እገዳው የተነሣው ደግሞ በ1860 ነው። ሥራው ሞልቶ ሳያይ ሄደ፤ ያሠለጠናቸውና አሳቡን የተቀበሉ ሴቶች ግን ወደ ሌሎች አገሮች አደረሱት። እርስዎ ከእሱ በተሻለ ዕድል ላይ ነዎት፤ ክፍልዎ ሰኞም ክፍት ነውና።

አሻንጉሊቶቹንና ሥዕሎቹን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው። ልጆቹ በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ነገሮች በተለይ በዚህ ዓመት ከቦታቸው አይነሡ፤ አንድ ሰው ሲሄድ ዕቃዎቹም አብረው ከጠፉ ለውጡ ይበዛል። ለልብዎ የቀረበውን አንድ ሁለቱን ይውሰዱ፤ ሲወስዱም ልጆቹ እያዩ ይሁን። የተቀረውን ለተተኪዎ ሲሰጡ የመጣል መብትም አብረው ይስጧት፤ ያለዚያ ስጦታው ግዴታ ይሆንባታል። ስለ ልጆች ጠባይና ቤተሰብ የጻፏቸው መዝገቦች የትምህርት ቤቱ ናቸውና ወደ ቤትዎ አይግቡ።

ጥያቄ

በቅርቡ ጡረታ የምትወጣ አንጋፋ መምህርትን ክፍል በዓመቱ አጋማሽ እንድረከብ ተመድቤአለሁ። ከእሷ ጋር ለጥቂት ቀናት አብሬ እየሠራሁ ሲሆን ልጆቹ ገና ከአሁኑ «ቲቸር እንዲህ አይደለም የምታደርገው» እያሉ ያርሙኛል። የራሴ አሠራር አለኝ፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልተግብረው ወይስ የእሷን ይዤ ልቀጥል? በመጨረሻዎቹ ቀናትስ ከእሷ ምን መጠየቅ ይኖርብኛል?

ወጣት መምህርት

መልስ

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእሷን አሠራር ይዘሽ ቀጥዪ፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ‹እንዲህ አይደለም› የሚለው እርማት ከንቀት የመጣ አይደለም፤ ልጆቹ የቀኑን ሥርዓት እንደሚያውቁና እንዳይፈርስባቸው እንደሚሹ እየነገሩሽ ነው። «እስኪ አሳዩኝ፣ እንዴት ነበር የምታደርገው?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ዐዋቂ ይሆናሉ፣ አንቺም ትማሪያለሽ። ስሟ በክፍሉ ውስጥ በነፃነት ይነሣ፤ ልጆች የሚወዱትን ሰው መጥራት ያስከፋሻል ብለው ካሰቡ ከአንቺ ይሸሻሉ።

ከመምህርቷ የምትጠይቂው በመዝገብ ላይ የማይገኘውን ይሁን። ዕቃ ሲሰበሰብ የትኛው ዘፈን ይዘፈናል? በዕረፍት ሰዓት ጀርባው ካልተዳበሰ የማይተኛው ማን ነው? ሽንቱ ሲመጣ አፍሮ ዝም የሚለውስ? ማን ከማን አጠገብ ሲቀመጥ ይጣላል? ማንን የትኛው ወላጅ፣ በምን ሰዓት ይወስደዋል? የምትሰጪኝን መረጃ ጻፊልኝ ብትያት ደግሞ ያየችውን ብቻ እንድትጽፍ ለምኛት። ‹ረባሽ› የሚል ቃል ከአንዷ መምህርት ወደ ሌላዋ ሲሻገር ልጁ ሳይገባ ይፈረድበታል፤ ‹ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን ይዞ ይገፈትራል› የሚለው ግን ምን ማድረግ እንዳለብሽ ይነግርሻል።

እሷ ከሄደች በኋላ ባሉት ሳምንታት ሽንት የሚያመልጠው፣ የሚናከስ ወይም እንደ ሕፃን የሚያወራ ልጅ ብታዪ አትደንግጪ። በዚህ ዕድሜ ለውጥ ሲበዛ ወደ ኋላ መመለስ የተለመደ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሥርዓቱ ሳይለወጥ ሲቀጥል ይተዋል። ሳምንታት አልፈው እየባሰ ከሄደ ወላጆቹን ማነጋገር ይገባል።

ጥያቄ

የአራት ዓመት ልጄ መምህርት ጡረታ ከወጡ ሁለት ሳምንት ሆነ። በየጠዋቱ «ዛሬ ትመጣለች?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንዳያለቅስ «ነገ ትመጣለች» እለዋለሁ። ነገሩ ግን እየረዘመ ሄደ። ወደ ቤታቸው ወስጄ ላሳየው?

አንዲት እናት

መልስ

‹ነገ› የሚለውን መልስ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ልጅዎ በየቀኑ የሚጠብቀውና በየቀኑ የሚቀርበት በዚያ ቃል ምክንያት ነው። «ወደ ክፍል አትመለስም። ሥራዋን ጨርሳ ቤቷ ናት፣ ደኅና ናት። ናፍቃሃለች አይደል?» ይበሉት። ያለቅስ ይሆናል፤ አብረውት ይቀመጡ። በማግሥቱ ጥያቄውን መድገሙ አይቀርም፣ መልሱ ሳይለወጥ መቆየቱን ለማረጋገጥ ይጠይቃልና በዚያው ቃል ይመልሱለት።

ሥዕል ሥሎ ቢልክላቸው መልካም ነው፤ መልስ ካገኘ ደግሞ እጅግ ይደሰታል። መጎብኘቱን ግን ከአዲሷ መምህርት ጋር እስኪላመድ ድረስ ያቆዩት፤ ጠዋት ሲደርስ ወደ እሷ በራሱ ፈቃድ ሲሄድ ካዩ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ከመሄድዎ በፊት ለጡረተኛዋ መምህርት ደውለው ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ ቀኑ እስኪቆረጥ ድረስም ለልጁ አይንገሩት።